ሰውዬው ይቅር፣ ፈረሱን አሳየን

መካነ ሰላም ላይ ፖለቲካ የማይጥመው፣ ኳስ የማይገደው፣ ስለ ኑሮ ውድነት ማውራት የሰለቸው ሰው ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። ስለ ፈረስ አስተያየት የሌለው ሰው ግን ቦረና ውስጥ አይገኝም። ፈረስ ኖሮት የማያውቅ፣ ዕድሜውን ሙሉ ከባጃጅ በቀር ምንም ላይ ያልወጣ ጎረምሳ እንኳ ጋሪ ሲያልፍ ካየ አንገቱን ዘመም አድርጎ «የኋላ ቀኙን ያዝ ያደርገዋል» ብሎ ይፈርዳል። እኔም ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው የፕላስቲክ ፈረሰኛ በካርቶን ይዤ፣ ከደሴ በአቀስታ በኩል አድርጌ አገሬ የገባሁት።

ካርቶኑን የላከችልኝ እንግሊዝ አገር የምትኖር የአክስቴ ልጅ ናት። ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ነው ያገኘችው። «ሳየው አንተ ትዝ አልኸኝ» አለችኝ፤ በምኔ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ክዳኑ ላይ ጥምጥሙን የቆለለ፣ ሪዙ የተንዠረገገ፣ ቡትሱ እስከ ጉልበቱ የደረሰ፣ ረጅም ጦር የያዘ ፈረሰኛ ተሥሏል። ካርቶኑ ሲከፈት ግን ፈረሰኛ የለም፤ ያለው ፍልጥ ነው። ግማሽ ፈረስ በስተግራ፣ ግማሽ ፈረስ በስተቀኝ፣ ራስ ለብቻ፣ ክንድ ለብቻ፣ ጅራት ለብቻ። የሰውዬው ግራ እጅ ጭራሽ የለም፤ ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት የት እንዳደረገው እግዜር ይወቅ።

ይህ እዚያ አገር የልጆች ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ጡረታ የወጡ ትልልቅ ሰዎች መነጽራቸውን ሰክተው የሚያመሹበት ሥራ ነው። ሜትር ከሰባ የነበረውን ሰው አሥራ ሁለት ጊዜ አሳንሰው 14 ሳንቲ ሜትር ያደርጉትና፣ ሄንሪ ስምንተኛን፣ ናፖሊዮንን፣ ዩልየስ ቄሳርን ገጣጥመው ቀለም ይቀባሉ። አሜሪካኖቹም አውሮራ በሚባል ኩባንያ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጥሩር የለበሱ የአውሮፓ ባላባቶችን፣ አንዱን እንዲያውም ከነፈረሱ፣ አሽገው ይሸጡ ነበር። ታዲያ አሮጌውን ዕቃ እንዳለ ገጣጥሞ መተው በባለሙያዎቹ ዘንድ ነውር ነው። ያሻሽሉታል። ይቆርጡታል፣ ይሞርዱታል፣ የአንዱን ራስ በሌላው አንገት ላይ ይተክሉታል። (መቁረጡን እንኳ ሄንሪ ስምንተኛም ያውቅበት ነበር፤ መልሶ መትከሉ ነው የጠፋው።) ከእኛ ነገሥታት ግን አንዱንም እንዲህ በካርቶን ታሽጎ አይቼ አላውቅም።

የእኔው ሰውዬ የቤንጋል ላንሰር ነው፤ በእንግሊዝ ባንዲራ ሥር የሚያገለግል ጦር ያዥ የሕንድ ፈረሰኛ። ይህን ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ መቅደላ ነው። በ1860 ዓ.ም. ጄኔራል ናፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደርና 44 ዝሆን አስከትሎ ሲመጣ፣ 10ኛውና 12ኛው የቤንጋል ፈረሰኛ ሬጅመንቶች አብረውት ነበሩ። መቅደላ ደግሞ ከእኛ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከሳይንት ወዲያ ያለ አምባ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን አፄ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ጠጥተው አምባው ከወደቀ በኋላ፣ የወሎዋ ወይዘሮ መስተዋት እንግሊዞቹ ሰፈር ድረስ መጥተው ናፒየርን አነጋግረዋል። ስለዚህ ይህ ሰውዬ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። ያኔ በዘመቻ መጥቶ ሄዷል፤ አሁን ተመልሶ የመጣው በካርቶን ነው።

አምሳያ መሥራትም ቢሆን ለአገሩ አዲስ ነገር አይደለም። ጋፋት ላይ ቀልጦ የተሠራው የቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ መቅደላ አምባ ላይ ተጋድሟል፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የምታዩት አምሳያው ነው። እሱን የሠሩት ሰዎች የታደሉ ናቸው። አዲስ አበቤ በታክሲ እያለፈ «አፉ ጠቧል» አይልም። መካነ ሰላም ላይ አቁመውት ቢሆን ኖሮ ግን ይባሉ ነበር።

ሕንዱን እንዳለ ገጣጥሞ ማቆም ደስ አላለኝም። ቁጭ ብዬ የመቅደላን ዘማች ቡትስ ስወለውል ማን ምን ይለኛል? ስለዚህ ዜግነቱን ልለውጠው ቆረጥሁ። ወሎዬ ላደርገው ነው፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከተሰለፉት ከራስ ሚካኤል ፈረሰኞች አንዱን። አድዋን የመረጥሁት ለፊቱ ስል ነው። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ እኚሁ ሚካኤል፣ ያኔ ንጉሥ፣ ድል ሆነው ተማርከዋል፤ ከዚያ ውሎ የተመለሰ ወሎዬ ምን ዓይነት ፊት እንደነበረው መሣል ከእኔ አቅም በላይ ነው።

እናም በረንዳ ላይ ዕቃዬን ዘረጋሁ። ሞረድ፣ ምላጭ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ኮላ፣ ቀለም ቀቢዎች ግድግዳ የሚደፍኑበት ስቱኮ፣ ከእኅቴ የተበደርሁት ወረንጦ። የጀመርሁት ከራሱ ነው። ጥምጥሙን ሞርጄ ጣልሁና በስቱኮ ጎፈሬ አበጀሁለት። ሪዙን አሳጠርሁ። የጉንጩን አጥንት አወጣሁ። የጥፍር ቀለም ብሩሽ ላይ ሁለት ጠጉር ብቻ አስቀርቼ ቅንድቡን አንድ በአንድ ሣልሁ። እውነቴን ነው፣ ያምር ነበር። በዚህ መሀል አንድ ጎረቤታችን የሆኑ አዛውንት ከገበያ ሲመለሱ ቆሙ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ፈረሰኛ ነው አያ።»

ራሱን አቀበልኋቸው። በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ፀሐዩ አዞሩት፤ አገላበጡት፤ መለሱልኝ።

«ሰውዬው ይቅር፣ ፈረሱን አሳየን።»

ሁለቱን የፈረስ ግማሾች አጋጥሜ አሳየሁ። እንደ ነገሩ ነው የሚጋጠሙት፤ ከጋማ እስከ ጅራት ድረስ በጀርባው ላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። አያ ክፍተቱን ከነመኖሩም አላዩትም። ዓይናቸው እግሩ ላይ ነው። በጣታቸው ከሰኮናው እስከ ጉልበቱ ለኩ፣ ከጉልበቱ እስከ ደረቱ ለኩ፣ ከዚያም በኀዘኔታ አዩኝ።

«ይኸ ግመል ነው።»

እውነት ነው፤ የእንግሊዝ ፈረስ ረጅም ነው። የእኛ የደጋ ፈረስ አጭር ነው፤ ደረቱ ሰፊ፣ ሰኮናው ጠንካራ፣ ከሳይንት ዳገት ወርዶ የሚወጣው በዚሁ ማጠሩ ነው። ያ የፋብሪካ ፈረስ እንደቆመ ወደ አባይ ቁልቁለት ቢወርድ ቅርጥምጥም ይላል። በዚያች ሰዓት በረንዳው ላይ የተሰበሰበው ሰው በአንድ ድምፅ «እግሩን ቁረጠው» አለ። የብረት መጋዝ ምላጭ ከጋራዥ መጣ። ከጉልበቱ በታች አራቱንም እግር ቆርጬ፣ ከያንዳንዱ ቅንጣት ታህል አንሥቼ፣ በሽቦ ሰክቼ መልሼ ስተክል አንዲት ትንሽ ልጅ «ያመዋል» ብላ አለቀሰች። ያመው እንደሆነ እንጃ፤ ያረጀ ፕላስቲክ ሲቆረጥ የሚያሰማው ድምፅ ግን እኔንም አሳቅቆኛል። ስቱኮው ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፤ በዚያውም የጀርባው ክፍተት ተደፈነ። አያ ሲያዩት ራሳቸውን ነቀነቁ። «አሁን ወደ ሰው ገባ» አሉ፤ ስለ ፈረሱ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የአረማመዱ ክርክር ነው። ፈረሱ ከፋብሪካ ሲወጣ የፊት ግራውን ከፍ አድርጎ ነው። ይህ ሶምሶማ ነው ወይስ ደንገላሳ? ጉዳዩ ለቡና ቀረበ። አቦል ላይ ሶምሶማ አሸነፈ፤ በረካ ላይ ደንገላሳ። በመካከሉ አንድ የጋሪ ነጂ፣ ሥራው ከነጋ እስኪመሽ ከፈረስ ኋላ መቀመጥ ስለሆነ ማንም ያልደፈረውን ተናገረ፤ «ይኸ ፈረስ ቆሞ ነው፤ እግሩን ያነሣው ዝንብ ነክሶት ነው።» ከዚያ ወዲህ ክርክሩ ተዘጋ። እኔም በሰላም ወደ አፉ ዞርሁ። የአገራችን የጥንቱ ልጓም ጨካኝ ነው፤ ቀለበቱ አገጭ ላይ ይጠብቃል፣ ዛቡ ሲሳብ ፈረሱ አፉን ከፍቶ አንገቱን ይሰቅላል። የፕላስቲኩ ፈረስ ግን አፉን ገጥሞ፣ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ የሚመስል ፊት ይዞ ነበር። በጋለ መርፌ መንጋጋውን ከፈትሁለት። ጥርስ በወረንጦ ስተክል እኅቴ «የእናትህ ጥርስ ወልቆ ሁለት ዓመት ሆነው» አለችኝ። ጉዳዩ ከወጉ ውጪ ስለሆነ እዚህ ላይ ልለፈው።

ኮርቻው ቀላል ነበር። የእንግሊዙን ጠፍጣፋ ኮርቻ ገሽልጬ፣ ከፊትም ከኋላም ከፍ ያለውን የእኛን ከቲማቲም ጣሳ ቆርጬ፣ ክታብ ለሚለብጥ ሰው ወስጄ በስስ ቆዳ አስለበጥሁት። ለባጩ ከትንንሽ የክታብ ቆዳ ጋር ዕድሜ ልኩን የኖረ ነውና ስፌቱ በዓይን አይታይም። ጋሻውንም ያሰናዳሁት እዚያው ነው። ርጥብ ቆዳ በስኒ ቂጥ ላይ ወጥረን አድረን ስናነሣው፣ ጎበጥ ያለች የጦር ጋሻ ሆና ደርቃ ተገኘች። ጋሻ የሚያዘው በግራ ስለሆነ የጠፋው ግራ እጅ ጉዳይ በዚሁ ተዘጋ። ጎራዴውን ግን ከግራ ጎኑ ነቅዬ ወደ ቀኝ አዛወርሁት፤ የእኛ ሰው ጎራዴ የሚታጠቀው በቀኝ ነበር።

ያደከመኝ እግሩ ነው። የፈረሱ አይደለም፤ የሰውዬው።

ላንሰሩ ቡትስ ለብሶ፣ ሙሉ እግሩን ሰፊ እርካብ ውስጥ ዘፍቋል። የእኛ ፈረሰኛ ደግሞ ባዶ እግሩን ነው፤ እርካቡም ትንሽ የብረት ቀለበት ናት፣ የሚገባባትም አውራ ጣት ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን ገብታችሁ የጥንት ሥዕል ካያችሁ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ እግሩን ተመልከቱ፤ አውራ ጣቱ ናት ቀለበቷን የያዘችው። ይህን አንብቤም፣ አይቼም አውቀዋለሁ። ችግሩ ያ ጣት እንዴት እንደሚቆለመም፣ ሌሎቹ አራት ጣቶች የት እንደሚሆኑ፣ ተረከዙ ወደ ታች ይሁን ወደ ላይ ከሥዕሉ አይታይም። አያን ጠየቅኋቸው። መልስ አልሰጡኝም፤ ቁጭ አሉና ኮንጎ ጫማቸውን አወለቁ። «ቀለበት አምጣ» አሉ። የቁልፌን ቀለበት ቁልፎቹን አራግፌ ሰጠኋቸው። አውራ ጣታቸውን ከተቱባት፤ እግራቸውን ከመደቡ ላይ አንጠለጠሉ። ጣቲቱ ወደ ላይ ቀና ብላ ብረቱን ከሥሩ ታቅፋለች፤ ሁለተኛዋ ጣት ከውጭ ትደገፋታለች፤ ሦስቱ ዘና ብለው ይወርዳሉ። ተረከዝ ወደ ፈረሱ ሆድ ይዞራል። «አባቴ ሲጋልብ እንዲህ ነበር» አሉና ዛብ እንደ ያዘ ሰው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። በዚያች ቅጽበት ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው አይመስሉም ነበር። ችግሩ ቀለበቷ ናት። አልወጣ አለች። ሳሙና መጣ፣ ቅቤ መጣ፣ ከቤት ውስጥ ባለቤታቸው እትዬ «ምነው፣ በስተርጅና ቀለበት አደረገልህ?» እያሉ ሳቁ። በቅቤው ነው የወጣችው።

በዚያ ልክ ሲታይ የሰው አውራ ጣት ውፍረት ሁለት ሚሊ ሜትር ነው። ቡትሱን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቆርጬ ጥዬ፣ አዲስ እግር ከስቱኮ አብጅቼ፣ አያ እንዳሳዩኝ ጣቲቱን ቀና አደረግኋት። የቀኟ ተሳክታለች። የግራዋ በየጊዜው ትወድቃለች፤ እመለስበታለሁ።

ልብሱን በተመለከተ ብዙ አላወራም። ሶፍት በኮላ ነክሬ ኩታ አለበስሁት፤ እትዬ መጥተው «ይኸ ጦር ሜዳ ነው የሚሄደው ወይስ ልቅሶ?» ብለው በወረንጦው ገፈፉና ወገቡ ላይ ጠበቅ አድርገው አጣፉለት። ጥለቱን በቀይ እስክሪብቶ አሰመሩት። ልብሱ የእሳቸው ሥራ ነው፤ ምስጋናም ካለ ለእሳቸው ይሁን።

ነገሩ ፈረስ መምሰል ሲጀምር የሃይማኖት ጥያቄ መጣ። ሼኹ በረንዳው ጋ ቆሙና በእርጋታ «የውመል ቂያማ ‹በል ነፍስ ዝራበት› ትባላለህ» አሉኝ። የደብሩ ቄስም አጠገባቸው ነበሩ። ቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል እንጂ ተቀርጾ የቆመ ምስል አልለመደችምና «እውነታቸውን ነው» ብለው ደገፏቸው። ሁለቱ በእኔ ፕላስቲክ ላይ ሙሉ በሙሉ ተስማሙ። ከዚያ ቄሱ ጎንበስ ብለው ፊቱን አዩ፤ ፊቱን ከልቡ ያየ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። በእኛ ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ይታያል፣ ክፉ ሰው ደግሞ በአንድ ዓይኑ በጎን። ሁለቱንም ዓይን ቆጠሩና «ደህና ሰው ነው» ብለው ቀና አሉ። ሼኹ ገና አልሄዱም። ዱላቸውን ተደግፈው ትንሽ ቆዩና «ፈረሱ ግን አንገቱ ያምራል» አሉ።

የቀለም ምርጫውም ቀላል አልነበረም። አምባላይ ካደረግሁት ያየ ሁሉ ጊዮርጊስ ይለዋል። ጥቁር ካደረግሁት መርቆሬዎስ ነው። ሚካኤል ራሳቸው በፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ ስለሆኑ፣ አያ «ወታደር የጌታውን ፈረስ መልክ ይዞ አይወጣም» ብለው ጥቁሩን ከለከሉኝ። ዳማ፣ ግንባሩ ላይ ቦራ ሆነ። ቀለሙን ያገኘው ሊስትሮው ነው። ቡናማ የጫማ ቀለም በጨርቅ ቀባ ቀባ አድርጎ በብሩሹ ሲወለውለው፣ የፈረሱ ገላ ወዝ አወጣ። በዚህ ሁሉ የባለሙያዎች ዘዴ ውስጥ እንዲህ ያለ ዳማ አላየሁም። ዋጋውን የጠየቀኝ ግን የአራት እግር ጫማ አድርጎ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣ ሁሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፤ «ስሙ ማነው?» የሰውዬውን ስም አይደለም። ሲታሰብ ልክ ናቸው። እዚህ አገር ጌታ በፈረሱ ነው የሚጠራው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ የሚካኤል ልጅ ኢያሱ አባ ጤና። እንግሊዞቹ ለሰውዬው ጥምጥም፣ ቀበቶ፣ የሪዝ ጠጉር ሳይቀር ሠርተው፣ ፈረሱን በሁለት ግማሽ ፈልጠው ሰደዱት። እንዲህ ያለውን ዕቃ ወሎ ውስጥ ማሻሻል ማለት ሰውዬውን ትቶ ፈረሱን መሥራት ነው፤ እኔ ያልወሰንሁትን ሕዝቡ ወስኖልኛል። ስሙንም የሰፈሩ ልጆች አውጥተዋል፤ አባ ስቱኮ ይባላል።

አሁን የቀረኝ ሁለት ነገር ነው። የግራ እርካቡ አለ፤ ቀለበቲቱን በትክክለኛው ስፋት መሥራት እፈልጋለሁ፣ የቁልፍ ቀለበት ልክ እንዳልሆነ ከአያ ጣት ተረድተናል። የፈረሱ ጌጥ ልብስ፣ ግላሱም፣ ገና ነው። ስለዚህ በቦረናም ይሁን በሳይንት፣ በለጋምቦም ይሁን በወግዲ፣ ቆጥ ላይ የአያቱ እርካብ ያለ ሰው ቢኖር፣ ለዕቃ ነጋዴ ከመሸጡ በፊት የቀለበቱን ስፋት በማስመሪያ ለክቶ ይላክልኝ። የድሮ ግላስ ያየም ጥልፉ ምን ምን ቀለም እንደነበረ ይንገረኝ። ስለ ፈረሱ እግር፣ ስለ አንገቱ፣ ስለ አረማመዱ አስተያየት አልቀበልም፤ እሱ መካነ ሰላም ላይ ተዘግቷል።